የቢጫዋ ወረቀት ባለታሪክ፦ ማክስ ታይለር

ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር አጎቴ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ሕንድ አገር ለመሄድ ተነሡ። በቤታችን ትልቅ ደስታ ሆነ። እናቴ ድፎ ዳቦ ደፋች፤ ጎረቤት ተጠራ፤ አያቴም መረቁ። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኝተናቸው ወደ ቤት ከተመለስን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ግን፣ አጎቴ ሻንጣቸውን እየጎተቱ መጥተው በራችንን አንኳኩ። ያስመለሳቸው አንዲት ትንሽ ቢጫ ወረቀት ነበረች። ወረቀቷ የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ናት። በደንቡ መሠረት ክትባቱ ከተወሰደ ዐሥር ቀን ካልሞላው ወረቀቷ አትጸናም። አጎቴ ደግሞ ዛሬ ነገ እያሉ ቆይተው የተከተቡት ከጉዟቸው ስምንት ቀን ብቻ አስቀድመው ነበር።

በዚያ ምሽት ሁላችንም አዝነን ተቀመጥን። እኔም በልጅነት ንዴት፣ አንድን ጤነኛ ሰው ከመንገዱ የምታስቀር ወረቀት ከንቱ ነገር እንደሆነች ተናገርሁ። አያቴ ወረቀቷን ተቀብለው አገላበጧትና በሽታው ምን ዓይነት እንደሆነ አጎቴን ጠየቋቸው። አጎቴም ትኩሳቱን፣ የወገብና የራስ ሕመሙን፣ ዓይን ቢጫ መሆኑን፣ ደም ማስታወኩን ሲነግሯቸው አያቴ ዝም አሉ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው የነገሩን። እርሳቸው የስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ በከፋ አገር በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ይኖሩ ነበር። በዚያ ዘመን እንዲሁ ዓይን የሚያቢጭ በሽታ ገብቶ ታላቅ ወንድማቸውን በስድስት ቀን ውስጥ ወሰደባቸው። ከጎረቤትም በሩ የተዘጋ ቤት ብዙ ነበር። የበሽታውን ስም እስከዚያች ምሽት ድረስ አያውቁትም ነበር። በመጨረሻም አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ ይኸውም ወንድማቸው በሞተበት ዓመት ይህ መድኃኒት በዓለም ላይ ተገኝቶ እንደነበር ወይም እንዳልነበር ነው። ከመካከላችን የሚመልስ አልተገኘም። እኔ መልሱን ፈልጌ እንዳመጣ ቃል ገባሁ።

በማግሥቱ ነገሩን ለሥነ ሕይወት መምህራችን ነገርኋቸው። እርሳቸውም ወደ ቤተ መጻሕፍት ላኩኝ። እዚያም የክትባቱን አባት የማክስ ታይለርን ታሪክ አገኘሁ። ለጓደኞቼና ለወላጆች ይጠቅማል ብዬ ስላሰብሁ እነሆ እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ። የውጭ አገር ታሪክ ዘመኖች በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ የአገራችንን ግን ዓ.ም. በማለት ለይቻቸዋለሁ።

ማክስ ታይለር በጃንዋሪ 30 ቀን 1899 በደቡብ አፍሪካ በፕሪቶሪያ ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ ከአራት ልጆች የመጨረሻው ነበር። አባቱ አርኖልድ ታይለር ከስዊስ አገር የመጣ የእንስሳት ሐኪም ነበር። ይህ ሰው በወጣትነቱ የእርሻ መኪና ግራ እጁን ቆርጦት ሳለ በአንድ እጁ ብቻ እየሠራ ታላቅ ሊቅ የሆነ ነው። ስሙም የተጠራው በ1896 ደቡብ አፍሪካ የደረሰውን «ደስታ» የተባለ የከብት በሽታ ለመከላከል በደከመው ድካም ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባናል። ያ የከብት በሽታ እኛም የምናውቀው ነው። አባቶቻችን ክፉ ቀን ብለው የሚጠሩት ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ታላቅ ረኃብ የመጣው ይኸው በሽታ የእርሻ በሬዎቻችንን ስለፈጀ ነው። በሽታው በምፅዋ በኩል ከባሕር ማዶ በመጡ ከብቶች እንደገባ ይነገራል። ከእኛ አገር ተነሥቶም በጥቂት ዓመታት ውስጥ አፍሪካን ከሰሜን እስከ ደቡብ አዳረሰ። እንግዲህ በሽታ መንገደኛ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። እኛን ያስራበው መቅሠፍት ከእኛ አልፎ የታይለርን አባት ደጅ መታ። ልጁ ማክስም የተወለደው አባቱ ከበሽታ ጋር በሚታገልበት ቤት ውስጥ ነው።

ማክስ ሕክምናን በኬፕታውን መማር ጀመረና ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ለንደን ሄደ። በዚያም በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል፣ ቀጥሎም በቆላ አገር በሽታዎች ትምህርት ቤት ተማረ። በ1922 የሐኪምነት ፈቃድ አገኘ፤ ነገር ግን የዶክተርነት ዲግሪ አልተቀበለም። በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ቦስተን አጠገብ በሚገኘው በሃርቫርድ ዩኒቨርስቲ የቆላ በሽታዎች ክፍል ሥራ ጀመረ። ዕድሜው ገና 23 ዓመት ነበር።

በዚያን ጊዜ ቢጫ ወባ የመንገደኞች ሁሉ ፍርሃት ነበር። በሽታው ከአፍሪካ ተነሥቶ ወደ አሜሪካ የተሻገረው በባሪያ ነጋዴዎች መርከብ ነው። ቢንቢዎቹ በመርከቡ የውኃ በርሜል ውስጥ ይራቡ ነበር። በ1793 በፊላዴልፊያ ከተማ በጥቂት ወራት ውስጥ 5,000 ያህል ሰው ገደለ። ፈረንሳዮች በ1881 የፓናማን ቦይ መቆፈር ሲጀምሩ በዚህ በሽታና በወባ ምክንያት ከ20,000 የማያንስ ሠራተኛ እንዳለቀ ይገመታል። የኩባው ሐኪም ካርሎስ ፊንላይ በ1881 በሽታውን የምታስተላልፈው ቢንቢ እንደሆነች ቢናገርም ለሃያ ዓመት ያህል ሰሚ አላገኘም። በ1900 የዋልተር ሪድ ጓዶች በኩባ አገር ፈትነው የፊንላይን ቃል እውነትነት አረጋገጡ። ከእነርሱ አንዱ ጄሲ ላዚር በዚያው ሥራ ላይ ሳለ በበሽታው ሞተ። ከዚህ በኋላ ቢንቢን በማጥፋት ፓናማ ነጻ ወጣች፤ ቦዩም በ1914 ተከፈተ። ይሁን እንጂ ቢንቢዋ ተሸካሚ ብቻ ናት፤ የምትሸከመው ነገር ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም ነበር።

ስሙ የገነነው ጃፓናዊ ሊቅ ሂዴዮ ኖጉቺ የበሽታውን ምክንያት አገኘሁ ብሎ አንድ ባክቴሪያ አመልክቶ ነበር። ወጣቱ ታይለር ከአለቃው ከሴላርድስ ጋር ሆኖ ነገሩን መረመረና፣ በ1926 ባክቴሪያው የሌላ በሽታ፣ ማለትም የቫይል በሽታ እንጂ የቢጫ ወባ አለመሆኑን አሳየ። በዓለም የታወቀን ሊቅ ስሕተት መግለጥ ለአንድ ወጣት ቀላል ነገር አይደለም። ታይለር ግን ያየውን ከመናገር አልተመለሰም።

በ1927 በዛሬዋ ጋና አሲቢ የተባለ የ28 ዓመት ሰው በቢጫ ወባ ታመመ። ሐኪሞቹ ከደሙ ጥቂት ወስደው ለአንዲት ጦጣ ሰጧት፤ ጦጣይቱም ታማ ሞተች። አሲቢ ግን ዳነ። በሽታውን በእንስሳ ላይ ማጥናት የተቻለው በዚያን ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም በተራ ማጉያ መሣሪያ የማይታይ እጅግ ረቂቅ ተሐዋሲ፣ ዛሬ ቫይረስ የምንለው መሆኑ ታወቀ። ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ሥራውን ከመሩት አንዱ አድሪያን ስቶክስ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር በበሽታው ሞተ። ኖጉቺ የራሱን ነገር ለማረጋገጥ ወደ አክራ መጥቶ በሜይ 1928 ሞተ። አስከሬኑን የመረመረው ዊልያም ያንግም ከጥቂት ቀናት በኋላ ተከተለው። እነዚህ ሁሉ በሽታውን የሚያውቁ ሐኪሞች ነበሩ። ማወቅ ብቻውን ጋሻ እንዳልሆነ የእነርሱ ሞት ያስተምረናል።

ታይለር በበኩሉ አንድ ተራ ነገር አሰበ። ጦጣ ውድ ናት፤ በብዛትም አትገኝም። አይጥ ግን ርካሽ ናት፤ ቶሎም ትራባለች። ሌሎች አይጥ በዚህ በሽታ እንደማትያዝ አይተው ትተውት ነበር። ታይለር ቫይረሱን በአይጥ አንጎል ውስጥ ቢሰጣት እንደምትታመም አገኘ፤ ይህንንም በ1930 አሳተመ። ከአይጥ ወደ አይጥ በተላለፈ ቁጥር ደግሞ ቫይረሱ በጦጣ ላይ የነበረው ጉልበት እየደከመ መሄዱን ተመለከተ። በዚህ ሥራ ላይ ሳለ በ1929 ራሱ በቢጫ ወባ ታመመ። እግዚአብሔር ረድቶት ዳነና ከዚያ በኋላ በሽታው የማይደፍረው ሰው ሆነ።

በ1930 ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ በሮክፌለር ድርጅት ቤተ ሙከራ መሥራት ጀመረ። መጀመሪያ የሠራው ነገር የደም ምርመራ ነው። የአንድ ሰው ደም ተጣርቶ ከቫይረሱ ጋር ተቀላቅሎ ለአይጥ ይሰጣል። አይጧ ከዳነች ሰውዬው ከዚህ በፊት በሽታው ይዞት እንደነበር ይታወቃል። በዚህ ዘዴ ቢጫ ወባ በአፍሪካና በደቡብ አሜሪካ እስከ የት እንደተሠራጨ በካርታ ላይ ማመልከት ተቻለ። በሽታው የት እንዳለ የማያውቅ መንገደኛ ራሱን ሊጠብቅ አይችልም፤ ስለዚህ ይህ ብቻውን ትልቅ አገልግሎት ነበር።

ዋናው ሥራ ግን ክትባቱ ነው። ታይለርና ጓደኞቹ ከአሲቢ ደም የተገኘውን ቫይረስ በብልቃጥ ውስጥ በአይጥ ሽል፣ ቀጥሎ በጫጩት ሽል፣ ከዚያም አንጎሉና የጀርባ አጥንቱ ነርቭ በወጣለት የጫጩት ሽል ላይ እያሳደጉ ያስተላልፉት ጀመር። ሥራው አሰልቺ ነበር። ከአንዱ ብልቃጥ ወደ ሌላው፣ ደግሞ ወደ ሌላው፣ ወር በወር ላይ፣ ዓመት በዓመት ላይ ተጨመረ። ብዙ ዘር ሞከሩ፤ አብዛኛው አልሆነም። 17ዲ ተብሎ የተጠራው ዘር ግን ከ89ኛውና ከ114ኛው መተላለፍ መካከል በአንዱ ጊዜ በድንገት ተለወጠ። ሰውን የመግደል ኃይሉ ጠፋ፤ በሽታ የመከላከልን ኃይል ማስተማሩ ግን ቀረ። ሥራውን ከሂዩ ስሚዝ ጋር በ1937 ለዓለም ገለጡ። በዚያው ዓመት በብራዚል አገር በሕዝብ ላይ መሰጠት ተጀመረና እስከ 1938 መጨረሻ ድረስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ተከተበ። ድርጅቱም ከ1940 እስከ 1947 ድረስ ከ28 ሚሊዮን በላይ የሚሆን ክትባት አዘጋጅቶ አደለ።

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ስንጽፍ መልካሙን ብቻ መጻፍ ልማድ ነው። እኔ ግን መምህራችን እንዳሳሰቡኝ ጉድለቱንም እጽፋለሁ። በ1942 ክትባቱን ከወሰዱ የአሜሪካ ወታደሮች ውስጥ 50,000 ያህሉ በጉበት በሽታ ታመሙ፤ የሞቱም ነበሩ። የጎዳቸው የቢጫ ወባው ቫይረስ አልነበረም። ክትባቱ እንዳይበላሽ ተብሎ ከሰው ደም የተጣራ ፈሳሽ ይጨመርበት ነበርና ከደም ሰጪዎቹ አንዳንዶቹ የጉበት በሽታ ነበረባቸው። ምክንያቱ እንደታወቀ ያ ፈሳሽ እንዲቀር ተደረገ። መከላከያው ራሱ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው ከዚህ እንማራለን፤ ስሕተቱ መደበቅ ሳይሆን መታረም ነበረበት፤ ታረመም።

በ1951 ታይለር የኖቤል የሕክምና ሽልማትን ተቀበለ። በአፍሪካ ምድር ተወልዶ ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። የዶክተርነት ዲግሪ ያልነበረው ሰው የዓለምን ታላቅ የሕክምና ክብር መቀበሉ ለእኛ ለተማሪዎች የሚያስደንቅ ነው። በዚያው ዓመት የዓለም የጤና ድርጅት ስለ መንገደኞች ጤና ዓለም አቀፍ ደንብ አወጣ። የክትባት ምስክር ወረቀትም በዚህ ደንብ ውስጥ ቦታ አገኘ። ታይለር ከ1964 እስከ 1967 በየል ዩኒቨርስቲ አስተማረ። በኦገስት 11 ቀን 1972 በኒው ሄቨን ከተማ በ73 ዓመቱ ዐረፈ።

የሰውዬው ታሪክ እዚህ ላይ ያልቃል፤ የአያቴ ጥያቄ ግን አላለቀም።

በአገራችን በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ በኦሞ ወንዝና በአካባቢው፣ ከ1953 እስከ 1954 ዓ.ም. ገደማ ታላቅ የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ገብቶ ነበር። 100,000 ያህል ሰው ታሞ 30,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። በአፍሪካ ከተመዘገቡት የዚህ በሽታ ወረርሽኞች ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። የአያቴ ወንድም የሞተው በዚያን ጊዜ ነው። ዘመኑን ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለውጬ ከ1937 ጋር ሳነጻጽረው መልሱን አገኘሁ። መድኃኒቱ ከተገኘ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ታይለርም በሕይወት ነበረ፤ ሽልማቱን ከተቀበለም ዐሥር ዓመት ያህል አልፎ ነበር።

ይህን ለአያቴ ልንገር ወይስ ልተው በማለት ሁለት ቀን አሰብሁ። በመጨረሻ ቃሌን ለመጠበቅ ነገርኋቸው። አያቴ አልተቆጡም፤ አላለቀሱምም። መድኃኒት ተሠርቶ በሩቅ አገር መቀመጡ ብቻ እንደማይበቃ፣ እስከ ወንዙ ዳር ድረስ የሚያደርሰው ሰው እንደሚያስፈልግ ገለጡልኝ። ከዚያም አጎቴን ጠርተው ወረቀቷን በጥንቃቄ እንዲይዟት አዘዟቸው። እኔም ስለ ወረቀቷ በተናገርሁት ነገር አፈርሁ።

አሁን ስለ ወረቀቷ ጥቂት ልናገር። ዐሥር ቀን የሚጠበቀው ክትባቱ በሰውነት ውስጥ የመከላከልን ኃይል ለማቋቋም ይህን ያህል ጊዜ ስለሚፈልግ ነው። ስለዚህ አጎቴን ያስመለሳቸው ባዶ ሥርዓት ሳይሆን የሰው ደም የሚሠራበት ጊዜ ነው። ሕንድስ ለምን ትጠይቃለች ያልን እንደሆነ፣ በዚያ አገር ቢንቢዋ ሞልታለች፤ በሽታው ግን ሥር ሰዶ አያውቅም። አንድ የታመመ መንገደኛ ቢገባና ቢንቢ ብትነድፈው ለብዙ ሕዝብ ጥፋት ይሆናል። ይህም ምናባዊ ነገር አይደለም። በ2016 በአንጎላ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ከዚያ የተመለሱ 11 ሰዎች በሽታውን ይዘው ቻይና ገብተው ነበር፤ ደግነቱ በዚያ አልተሠራጨም። እንግዲህ ወረቀቷ ሁለት ሥራ አላት። መንገደኛውን ከሚሄድበት አገር፣ የሚሄድበትንም አገር ከመንገደኛው ትጠብቃለች።

ከጁላይ 2016 ወዲህ አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ወረቀቱ ለዕድሜ ልኩ ትጸናለች፤ ከዚያ በፊት በየዐሥር ዓመቱ ትታደስ ነበር። ሆኖም ክትባቱ ለሁሉ አይስማማም። ከስድስት ወር በታች ለሆኑ ሕፃናት፣ በሽታ የመከላከል ኃይላቸው እጅግ ለደከመ ሰዎች፣ እንቁላል ለማይስማማቸውም አይሰጥም፤ ክትባቱ እስከ ዛሬ በእንቁላል ውስጥ ይዘጋጃልና። ነፍሰ ጡሮችና ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች አስቀድመው ሐኪም ማማከር አለባቸው።

በአማርኛ ስሙ ወባ ስለሚል ብዙ ሰው ከተራው ወባ ጋር ያደባልቀዋል። ሁለቱ ግን ልዩ ልዩ ናቸው። የወባ ቢንቢ የምትነድፈው በሌሊት ስለሆነ አጎበር ትከላከላለች። በከተማ ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ቢንቢ ግን በቀን ትነድፋለች፤ የምትራባውም በደጃችን ባለው በርሜል፣ በአሮጌ ጎማና በቆርቆሮ ውስጥ በተጠራቀመ ውኃ ነው። ለቢጫ ወባ የሚያድን መድኃኒት የለም። ወደ ከባዱ ደረጃ ከሚደርሱት ሕሙማን ግማሽ ያህሉ ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ይሞታሉ። በአገራችንም በሽታው ፈጽሞ አልጠፋም፤ በ2005 ዓ.ም. በደቡብ ኦሞ፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በጉራጌ ተነሥቶ ነበር።

ስለዚህ ከቤታችሁ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ያላችሁ ሁሉ ይህን አስታውሱ። መንገደኛው ከመነሣቱ አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ አስቀድሞ ወደ ሐኪም ይሂድና የሚሄድበትን አገር ይንገር፤ እያንዳንዱ አገር የራሱ በሽታና የራሱ ጥንቃቄ አለውና። በሚሄድበት አገር ያልፈላ ውኃ ከመጠጣት፣ ያልበሰለ ምግብ ከመብላት ይጠንቀቅ፤ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ወባ ያለበት አገር ከሆነ የመከላከያ ኪኒን ይጠይቅ። ከተመለሰ በኋላም ትኩሳት ቢይዘው የት ደርሶ እንደመጣ ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይናገር። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንዲሉ፣ ጥንቃቄ የሚጠቅመው አስቀድሞ ሲደረግ ነው።

አጎቴ ከአምስት ቀን በኋላ በደኅና ሄዱ። አሁን ትምህርታቸውን በመከታተል ላይ ናቸው። በዓለም ላይ የሚሰጠው የቢጫ ወባ ክትባት ሁሉ ከአሲቢ ደም ከተገኘው ከዚያ ዘር የወረደ ነው። ስለዚህ በአጎቴ ክንድ ውስጥ የገባችው ጠብታ የአንድ የጋና ሰው፣ የአንድ የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ፣ በበሽታው የሞቱ ሐኪሞችና ቁጥር የሌላቸው አይጦች ድካም አለባት።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ከእኛ መካከል ወደፊት ሐኪም የሚሆን፣ መድኃኒት የሚቀምም ይኖራል። ታይለርን የሚመስል ሊቅ ቢወጣ ለትምህርት ቤታችን ክብር ነው። አያቴ ግን ሌላ ሰው ደግሞ ይፈልጋሉ፤ እርሱም የተገኘውን መድኃኒት በበቅሎም ሆነ በእግሩ ተሸክሞ ወደ ጎጀብ ዳር በጊዜ የሚደርሰው ነው። ለእርሱ የኖቤል ሽልማት አይሰጥም። ነገር ግን እርሱ ቢደርስ ኖሮ፣ ዛሬ በቤታችን አንድ ሽማግሌ ታላቅ አጎት ተቀምጠው አጎቴን አብረው በመረቁ ነበር።